በእናታችን አቆጣጠር

እህቴ አሥረኛ ክፍል የጀመረችው እናታችን በሞተች በወሩ ነው። መስከረም ሲጠባ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ ሳይ ተመስገን አልኩ። ኋላ ግን ነገሩ ዩኒፎርም ብቻ ሆኖ ቀረ። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ቦርሳዋን ሳትከፍት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር የባልደረቦቼን ስሞታ ለመስማት የሴሚስተር ማለቂያ መጠበቅ አላስፈለገኝም። “ያቺ ጎበዝ ልጅ ምን ነካት?” ይሉኛል ሻይ ላይ። ምን እንደነካት ያውቃሉ፤ ለቅሶ ደርሰውናል። ቢሆንም ይጠይቁኛል፣ እኔም “ትመለሳለች” እላለሁ።

በዚያ ጊዜ ቁርጡን የሚለየው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነበር። ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ያልማል፤ ያላለፈ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ለእህቴ ሌላው መንገድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶላታል። የእናታችን ታላቅ እህት ቶጎጫሌ፣ ድንበሩ ጥግ፣ ሱቅ አላት፤ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ከማዶ የመጣ ሁሉ ይሸጥበታል። የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ አጠገቤ ተቀምጣ፣ “ካለፈች እሰየው። ካላለፈች ግን እኔ ጋ ትምጣና ሱቁን ትያዝልኝ። አንቺ ብቻሽን አትችያትም” አለችኝ። አክስቴ ክፋት የላትም፤ የተናገረችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔም ሱቅ ንቄ አይደለም። እህቴ እንደዚያ ዝም እንዳለች ከቤት ከወጣች፣ ዝም እንዳለች ትቀራለች ብዬ ነው የፈራሁት። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነበር።

መክሬ አየሁ፣ ተቆጥቼ አየሁ። ቁጣ ለእኔ ቅርብ ነው፤ ወታደር ሆኖ ጅጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረውን አያትሽን ነው የመሰልሽው ይሉኛል። ስቆጣት አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች፣ ስጨርስ ወደ ስልኳ ትመለሳለች። ስልኩ የእናታችን ነበር። ከእጇ የማይወጣ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ማድ ቤት ይዛው ትገባለች፣ ትራሷ ሥር አድርጋው ትተኛለች። ምን እንደምታይበት አላውቅም። ብዙ ጊዜ የምታይ አትመስልም፣ ይዛው ብቻ ትቀመጣለች።

እኔ እናታችን በሕይወት ሳለች የጀመርኩትን ማስተርስ ቅዳሜና እሑድ እማር ነበር። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ምረጡ ተባልን። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሰንብቶ የመጣ አንድ ባልደረባችን በሚሞሪ ካርድ አፕ ይዞ መጣ። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ተጨምቆ የተቀመጠበት፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ያሉበት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ነው። ኔትወርክ ደስ ሲለው ብቻ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ታሳልፈዋለህ፣ አለቀ። ተማሪው ከመጀመሪያው ተነስቶ መጨረሻው ላይ እንዳይዘል ትምህርቶቹ የሚከፈቱት በየሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ ነው።

እህቴን የምደርስባት በዚህ ነው አልኩ። ልጅቱ መጽሐፍ ካልያዘች፣ በያዘችው በኩል ልግባ። ርእሴንም እሱኑ አደረግኩት፦ ተማሪዎች በስልክ መማርን እንዲቀበሉ ወይም እንዳይቀበሉ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? አማካሪዬ “ወቅታዊ ነው፣ በታዳጊ አገር ደረጃ የሚታይ ነው” ብሎ ደስ አለው። ለእሱ ጥናት ነበር። ለእኔ እህቴ ነበረች።

በጥር ክፍል ለክፍል እየዞርኩ አስጫንኩ። ከዚያ የተወሰኑ ሳምንታት ቆይቼ መጠይቅ በተንኩ። ስልኩ የራስሽ ነው ወይስ የቤተሰብ? አባትሽ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማሩ? በስልክ መማር ይጠቅማል ብለሽ ታምኛለሽ? መልሶቹን ሰብስቤ ቁጭ ብዬ ብደምር ብቀንስ ምንም አልወጣልኝም። ሀብት አልለየውም። የአባት ትምህርት አልለየውም። ሴትና ወንድ መሆንም አልለየውም። አንዱ አዲስ ስልክ ይዞ “አልወደድኩትም” ብሎ ሞልቷል፤ ሌላዋ መስታወቱ የተሰነጣጠቀ ስልክ ይዛ በየሳምንቱ ሳታጓድል ትማርበታለች።

አንድ ነገር ብቻ ለየው። እሱን ደግሞ ለአማካሪዬም ለማንም ለመናገር አልደፈርኩም። አፑን የሚጠቀሙት አብዛኞቹ ሙስሊሞቹ ልጆች ነበሩ፤ የማይጠቀሙት አብዛኞቹ የእኛዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠፈር ልጆች። እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአፍ ከወጣ በኋላ ማን ጆሮ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚመለስ አውቃለሁ። አንዱ እነሱ ይተጋሉ፣ እናንተ ሰንፋችኋል ብሎ ይተረጉመዋል። ሌላው ለእነሱ ተሰጥቶ ለእኛ ተከለከለ ብሎ ያስወራዋል። ምን ቆርጦኝ ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እህቴም “አልፈልገውም” ብላ ነው የሞላችው። ቤት ገብቼ ለምን ስላት፣ “ዝም ብሎ አልወደድኩትም እትዬ” አለችኝ። ደሜ ፈላ። ስልክ ከእጇ የማይወጣ ልጅ በስልክ መማር አልወደድኩም ስትል ምን ይባላል? ያን ቀን ያልተናገርኩት የለም። እሷም እንደ ልማዷ ሰማችኝና ወደ ክፍሏ ገባች።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ክፍል ስላልነበረኝ ቤት ዋልኩ። የጎረቤታችን ልጅ መጥታ ነበር። ሶማሌ ናት፤ ከእህቴ ጋር ግንብ ለግንብ ያደጉ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እህቴ ዝም ካለች ወዲህ ይቺ ልጅ የሁለቱንም ድርሻ ታወራለች። በረንዳው ላይ እህቴ ድንች ትልጣለች፣ ልጅቷ ከአፑ ላይ ጥያቄ እያነበበች ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች። ስትሳሳት “ወላሂ ይሄ መልስ ራሱ ስህተት ነው” ትላለች። እኔ እየሰማኋት ልብሴን እተኩሳለሁ።

እኩለ ቀን ላይ የልጅቷ ስልክ አዛን አሰማ። “ሀዬ፣ ሰግጄ መጣሁ” ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች። የእህቴ እጅ በድንች ውሃ ረጥቦ ስለነበር የእናታችንም ስልክ እዚያው ነበር። የሚጣለውን ልጣጭ ላነሳ ጎንበስ ስል ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። አንዱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል፣ አንዱ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግማሹ ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ግማሹ በእኛ። ከሰዓቱ ሥር ያለው ቀን ግን ዓይኔን ያዘው። የእናታችን ስልክ ዓመቱን ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይላል።

እናታችን የቢሮ ሴት ነበረች፤ ከታይፕራይተር ጀምራ እስከ ኮምፒውተር የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች። ያንን ስልክ ቶጎጫሌ ወርዳ ገዝታ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ቀኑን ወደ እኛ መመለስ ነው። “ስልኩ የኔ፣ ቀኑ የፈረንጅ፣ ምን ሊሆን” አለች። መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር እያለች ሞላችው። ስልኩ ግን የሚያውቀው የእነሱን ወር ነው። ሁለተኛው ወር ስለሚያጥርበት ጥቅምት ሳያልቅ ኅዳር ይገባባታል። ሌላው ወር ሠላሳ አንድ ላይ ይወጣል። ጳጉሜንማ ጭራሽ የለውም፤ በየጠዋቱ እየጎተተች ወደ ነሐሴ ሠላሳ ትመልሰዋለች። ዕለቱም አይገጥምም፤ ሐሙስ ሲሆን እሑድ ይላታል። “እሱን ተዪው፣ አያውቅም” ትለኝ ነበር ስለ ስልኩ፣ አዲስ ስለተቀጠረ ጸሐፊ እንደምታወራ ሁሉ። እሷ ከሞተች በኋላ የስልኩን ቀን የምታርመው እህቴ ሆነች። ወር በወጣ ቁጥር ስትነካካው አያታለሁ፣ ጉዳዬ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

የራሴን ስልክ ለኢንተርኔት ስል በፈረንጅ ቀን ነበር የሞላሁት፤ ስለዚህ አፑ ለእኔ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ካውያውን አቁሜ ስልኬን አወጣሁና ቀኑን ወደ እኛ ቀየርኩት። አፑን ከፈትኩ። ከመጀመሪያው ትምህርት እስከ መጨረሻው የቁልፍ ሥዕል ተደርድሮ ጠበቀኝ። ለካ በየሳምንቱ የሚከፍተው የስልኩን ቀን እያየ ነው። ስልኩ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ካለው፣ ትምህርቱ ሊጀመር ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ይዘጋል።

የቀረውን ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም። ሙስሊሞቹ ልጆች ስልካቸው ላይ የአዛን አፕ አለ፤ እሱ ደግሞ ቀንና ሰዓቱ በፈረንጅ ካልተሞላ ያለ ጊዜው ይጮኻል። ስለዚህ ስልኩ ገና ተገዝቶ ቤት ሲገባ ይስተካከላል። የእኛዎቹ ስልክ ጾሙና በዓሉ እንዳይጠፋ በእኛ ቀን ይሞላል። ጉብዝናም ስንፍናም የለበትም። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ደብቄ ስንት ሌሊት አስቤበታለሁ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ የፈረንጁን ቀን ጻፍኩና “ስልካችሁን አውጡ፣ ይህን ሙሉ” አልኩ። ስልክ አስገቡ እንጂ አውጡ ያለ አስተማሪ አይተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አፑ መከፈት ጀመረ፤ ከዚህ ጥግ “ከፈተ”፣ ከዚያ ጥግ “የኔም ከፈተ” ተባለ። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ፣ “ቲቸር፣ እኛ እኮ ለኛ የተከለከለ መስሎን ነው” አለኝ። “ታዲያ መጠይቁ ላይ አልወደድኩትም ብለህ ለምን ሞላህ?” አልኩት። “ተቆለፈብኝ ልበል?” አለኝ፣ የጠየቅኩት ነገር ግራ የገባው ይመስል።

ያቺን መልስ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ልጆቹ አልዋሹኝም። በር የተዘጋበት ልጅ ተዘጋብኝ ከሚል ድሮም አልፈለግኩትም ቢል ይቀለዋል፤ እያደር ደግሞ የእውነት አይፈልገውም። እኔ መጠይቁ ላይ ለገቢ ሣጥን ሠርቻለሁ፣ ለአባት ትምህርት ሣጥን ሠርቻለሁ፤ ለኩራት ሣጥን አልሠራሁም። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሲያልቅ መጥታ፣ “ወላሂ ቲቸር፣ እኔ እነሱ ከኛ ጋር መማር ጠልተው ነው ብዬ ነበር” አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል እህቴ ስልኳን ከቦርሳዋ አላወጣችም። አይቻታለሁ። ቤት እንደገባን “አምጪው፣ እኔ ላስተካክልልሽ” ብዬ እጄን ዘረጋሁ። “አይሆንም” አለች። ሰንፋ ነው ብዬ ቀረብኳት፣ ስልኩን ያዝኩት። ነጠቀችኝ። “አትንኪው አልኩሽ” አለችኝ፣ ድምፅዋ ሌላ ክፍል ድረስ እየተሰማ። ከለቅሶው ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳይ ዘጋሁት።

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እናታችን እንደ ቢሮ ልማዷ ሁሉን ነገር ቀን እየሰጠች ስልኩ ላይ ትጽፍ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ይደውልና የጻፈችው ይወጣል። እሷ ከሞተች በኋላም ደወሉ አልቆመም። ኅዳር ላይ አንዱ ደውሎ “የማኅበር ተራ የኔ ነው፣ ወንበር ተዋሺ” ብሏል። የካቲት ላይ “መጋረጃው ይታጠብ” ብሏል። ለካ እህቴ መጋረጃውን ያን ቀን አጥባዋለች፤ እኔ ምን ነክቷት ነው ብዬ ነበር።

“ገና የሚመጡ አሉ” አለችኝ። “የሚቀጥለው ዓመትም አለ፣ ከዚያ በኋላም አለ። ከፍቼ አላየኋቸውም። ካየኋቸው ያልቃሉ። በየቀናቸው ሲመጡ ነው የምፈልገው።” ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ “ዓመቱን ወደ ፊት ከወሰድሽው ሁሉም ያለፈ ቀን ይሆናል እትዬ። ከዚህ በኋላ አትደውልልኝም” አለች።

አማካሪዬ የሰጠኝ ሠንጠረዥ ስልክ ያለው፣ ስልክ የሌለው ብሎ ሁለት አምድ ነው የሚያሰምረው። ስልኩ ውስጥ አስቀድሞ ሰው ሊኖርበት እንደሚችል ማን ያስባል? ስልክ ለተማሪ ስናድል፣ አፕ ስንጭን፣ ባዶ ዕቃ ውስጥ ነገር የምንከት ይመስለናል።

“እንግዲያው የኔን ውሰጂ” አልኳት። ወሰደችው፣ ሞከረችም። ግን ቀን እኔ ይዤው እወጣለሁ፣ ማታ ስመልስላት ደክሟታል። ደግሞ አንድ እጇ ሁልጊዜ በእናታችን ስልክ ላይ ነው፤ በአንድ እጅ የፊዚክስ ጥያቄ አይሠራም። ከቀናት በኋላ “ተዪው እትዬ” ብላ መለሰችልኝ። በዚያው ሳምንት አክስቴ ከቶጎጫሌ ደውላ አልጋዋን እንዳዘጋጀች ነገረችኝ። እናያለን አልኳት። እህቴ ተኝታ ሳለች ከትራሷ ሥር አውጥቼ ልቀይረው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፣ አልክድም። ማን ነኝ ብዬ እጄ ፈራ። ይልቅ የጎረቤታችንን ልጅ በራስሽ ስልክ አብረሽ አስጠኚያት ብዬ ለመንኳት፤ እሷም ሞክራ “ቲቸር፣ ትሰማኛለች እንጂ አብራኝ የለችም” አለችኝ።

ሚያዝያ አለቀ። የግንቦት ልደታ ለት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርን ጠዋት ቤት ነበርን። ውጭ የሠፈሩ ሴቶች ድስት ጥደው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሳቃቸው ይሰማል። የእናታችን ስልክ ግን ሚያዝያ ሠላሳ አንድ ይላል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ለልደታ የጻፈችው ካለ፣ ካልታረመ አይደውልም። እህቴ ስልኩን ይዛ መጥታ አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ የቀኑን ማስተካከያ ከፈተችና ጣቷን አቆመች።

“በዚህ ወር ካላጠናሁ አክስቴ ጋ ነኝ አይደል?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። ልሸነግላት እችል ነበር፣ ግን ትልቅ ሰው ሆና ነበር የጠየቀችኝ።

“እዚያ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ደወሏ ቢመጣ ታፍርብኛለች።” ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ “ያው ዛሬ መንካቴ አይቀርም” አለች። ቀኑን ትታ ዓመቱን ነካች። ቁጥሩ በጣቷ ሥር ወደ ላይ ሄደ። ወሩን ከእኔ ስልክ እያየች ሞላች፣ ሰዓቱን ሞላች። እሺ የሚለውን ከመጫኗ በፊት በሌላው እጇ እጄን ያዘችኝ።

ስልኩ መጀመሪያ ደንገጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ደወለ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ አንዱ ጽሑፍ ሲዘጋ ከሥሩ ሌላ ይወጣል። የብዙ ዓመት ደወል በአንድ ጠዋት መጣ። እህቴ በመጀመሪያ ስልኩን ልትጥለው ነበር፣ በኋላ ግን ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። 

“ልደታ። ንፍሮው ላይ ሽምብራ አብዢ፣ ባለፈው አንሷል።” “ትንሿ ፈተና ትቀመጣለች። ቁርስ ሳትበላ እንዳትለቂያት።” “ትንሿ መሰናዶ ትገባለች። ጫማዋ ይጠባታል፣ አስቀድመሽ ግዢ።” “የጣሪያው ቆርቆሮ ከክረምት በፊት ይታይ።” “ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ነው ብሎ ተኝቶ መዋል የለም።” “ትንሿ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ብርድ ልብስ። ደጋ ከደረሳት ወፍራሙን።”

እዚህ ላይ ቆመች። “እትዬ፣ ለኔ አይደለም የጻፈችው” አለችኝ። “ለራሷ ነው።”

“አዎ።”

“እኖራለሁ ብላ ነው።”

ያን ጊዜ አለቀስን፣ ሁለታችንም፣ ሳንደባበቅ። በለቅሶው ወቅት እኔ እንግዳ ስቀበል፣ እሷ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ፣ አብረን አልቅሰን አናውቅም ነበር። ውጭ ያሉት ሴቶች ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አልገባም።

ከዚያ ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ማንበቧን ቀጠለች። አንዱ ጋ ስትደርስ አየችውና ስልኩን ሰጠችኝ። “ይሄ ያንቺ ነው” አለች። ከእነዚያ ሁሉ መሐል የእኔ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዲህ ይላል፦ “ትልቋ ማስተርሷን ትመረቃለች። ፎቶ ላይ እንዳታለቅሺ፤ ባለፈው አበላሽተሽባታል።” እውነቷን ነው። በመጀመሪያው ምረቃዬ ፎቶ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነው ያለችው፤ እኔም ተቆጥቼያት ነበር። እህቴ ከእጄ ወስዳ አፑን ስትከፍት ቁልፎቹ የሉም። ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ሰኔን የጠበቅነው እየፈራን ነው። የጎረቤታችን ልጅ በየቀኑ ትመጣለች፤ አሁን ጥያቄውን አንዷ ስትጠይቅ አንዷ ትመልሳለች፣ ይጣላሉም። ሲጣሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ፈተናው ሄደ፣ ውጤቱ መጣ፤ እህቴ አለፈች። ጉድ የሚያሰኝ አላመጣችም፣ ለመሰናዶ የሚበቃ አመጣች። አክስቴ በስልክ “እሰየው” ብላ እልል አለች፤ ለሱቁ ሌላ ሰው ፈለገች።

ጥናቴ ውስጥ የቀኑን ነገር ጻፍኩት። አማካሪዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ቀኑን አየና ሳቁን አቆመ። የእናታችንን ደወል ግን አልጻፍኩም። የት አምድ ውስጥ ይገባል?

የተመረቅኩት በዓመቱ ክረምት ላይ ነው። ካባዬን ለብሼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ፤ እህቴ በእናታችን ቦታ አጠገቤ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ፎቶ አንሺው “ዝግጁ” ሲል ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ “እንዳታለቅሺ ተብሏል” አለችኝ። ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። እህቴ ቀጥ ብላ ቆማ ወደ ካሜራው ታያለች፤ ፊቴን በካባዬ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።